ለብርድ ወቅት የሚሆን የብስክሌት ሄልሜት ንድፍ፦ ነፋሱን ከልክሎ ላቡን ማስወጣት

ናሆም_ንድፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ በሚወርድ ብርድ ሳያቋርጥ ለሚነዳ ሰው የሚሆን ሄልሜት እየነደፍኩ ነው። ለሞቃት ወቅት በተሠራ ሄልሜት ሥር ወፍራም ኮፍያ መደረብ የተለመደ ነው፤ ግን ሄልሜቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ግንባርም ይገለጣል። ስለዚህ ከመነሻው ለብርድ የታሰበ ነገር ይሁን ብያለሁ።

የያዝኩት ንድፍ ይህ ነው፦ ከኢፒኤስ (የተነፋ ፖሊስታይሪን) ፎሙ ጋር በአንድ ሞልድ የተቀረጸ 0.8 ሚ.ሜ የፖሊካርቦኔት ቅርፊት፣ 25 ሚ.ሜ ፎም፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አራት የአየር ቀዳዳ፣ የሚነቀል የጆሮ መሸፈኛ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ450 ግራም ያልበለጠ።

ሦስት ነገር ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ለሙቀት ገበሩ ቦታ እንዲገኝ ፎሙን ከውስጥ 6 ሚ.ሜ ብፈለፍለው ምን ይመጣል? ቀዳዳዎቹን በሙሉ የሚዘጋ ክዳን ላድርግ? ከኢፒኤስ ይልቅ ተደጋጋሚ ምት የሚችለውን ኢፒፒ (የተነፋ ፖሊፕሮፒሊን) ብጠቀምስ?

---

ፎም_ሠሪ

ፎሙን እንዳትነካው ወንድሜ። ከሁሉም በፊት እሱን እንጨርስ።

በአውሮፓው ኢኤን 1078 መለኪያ ሄልሜቱ የጭንቅላት ቅርጽ ያለው ብረት ላይ ተጠልቆ በሰከንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይወድቃል። ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። ጭንቅላቱ ላይ የሚደርሰው ምት ከ250 ጂ (የመሬት ስበት 250 እጥፍ) ማለፍ የለበትም። አሁን ሒሳቡን ሥራው፤ ጭንቅላቱ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት፣ የወደቀበት ከፍታ ለአማካዩ ጂ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አማካዩን 125 ጂ ብትይዝ 1500 ለ125፣ 12 ሚ.ሜ ይሆናል። ኢፒኤስ ግን ውፍረቱን ሁሉ አይሰጥህም፤ ከ60 እስከ 70 ከመቶ ከተጨመቀ በኋላ ይጠጥርና ምቱን በቀጥታ ያስተላልፋል። ስለዚህ 12 ሚ.ሜ ለማግኘት ከ18 እስከ 20 ሚ.ሜ ፎም ያስፈልግሃል። ከ25 ላይ 6 ስትቀንስ የቀረህ 19 ነው። መተማመኛህን በሙሉ በላኸው።

የአሜሪካው ሲፒኤስሲ (የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን) ደንብ ደግሞ ጠፍጣፋው ላይ ከ2 ሜትር ነው የሚጥለው። ወሰኑ 300 ጂ ቢሆንም በዚያው አማካይ ብታሰላው መቆሚያው 16 ሚ.ሜ፣ ፎሙ 25 ገደማ ይወጣል። ያንተ 25 ራሱ አፋፍ ላይ ነው፤ እኔ ብሆን ግንባሩና ማጅራቱ ላይ 28 አደርገው ነበር።

የገበሩን ቦታ ከሞልዱ ስፋት አምጣው። ውስጡን በየጎኑ 4 ሚ.ሜ ካሰፋኸው ዙሪያው 2.5 ሴ.ሜ ያህል ይጨምራል። ለ57 ሴ.ሜ ጭንቅላት የሚሆነው ሄልሜት ውስጡ 59.5 ይሁን፣ የተረፈውን ገበሩ ይሙላው። ሄልሜቱ ከውጭ ትንሽ ይተልቃል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ይጨምር።

ኢፒፒን በተመለከተ፦ በብርድ ላይ አልወደውም። የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ወረድ ሲል መድረቅ የሚጀምር ፕላስቲክ ነው። በክፍል ሙቀት በደንብ ያለፈ ኢፒፒ ከዜሮ በታች 20 ላይ ሲጠነክር ምቱ ከፍ ብሎ ይመጣል። ፖሊስታይሪን የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በክፍል ውስጥም በብርድም ያው ጠጣር ነው፤ ለውጡ ትንሽ ነው። ኢፒኤስ ያዝ። ጥግግቱን በሊትር ከ70 እስከ 80 ግራም ጀምርና ምርጫህን የብርዱ ሙከራ ውጤት ይወስንልህ።

አንድ ልጨምር። ለውስጥ ትራስ ያ ተጭነው ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለሰው ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲለኩት ደስ ይላል። ከዜሮ በታች ግን ይደርቃል፤ ሄልሜቱ የጠበበ ወይም የተጣመመ ይመስላል። ተራ ክፍት ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ ከብርድ ጋር ይሻላል።

---

ሰናይት_አየር

የቀዳዳውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው «የሰውነት ሙቀት ግማሹ በጭንቅላት ይወጣል» ትክክል አይደለም። ጭንቅላት ከሰውነት ቆዳ ከመቶ 10 ገደማ ነው፤ የሚያጣው ሙቀትም ከዚያ ጋር የተመጣጠነ ነው። ስለዚህ ሥራችን ጭንቅላቱን መጋገር አይደለም። ነጂው እየሠራ ነው፣ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ችግሮቹ ሁለት ናቸው፦ ግንባርና ጆሮን የሚመታው ነፋስ እና መውጫ አጥቶ የሚቀር ላብ።

ነፋሱን በቁጥር እንየው። ካናዳና አሜሪካ ከ2001 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ቀመር አየሩ 0 ዲግሪ ሲሆን በሰዓት 25 ኪ.ሜ የሚነዳ ሰው ፊት ላይ ከዜሮ በታች 6 ያህል ይሰማዋል። አየሩ ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ከዜሮ በታች 19 ይሆናል። ይህ ደግሞ ውጭው ነፋስ ሳይኖረው፣ ነጂው በራሱ ፍጥነት የሚፈጥረው ብቻ ነው።

«ቀዳዳዎቹን በሙሉ ልዝጋ?» ላልከው፦ የፊቱን ዝጋ፣ የኋላውን ፈጽሞ አትዝጋ። ከፊትም ከኋላም ሲዘጋ ላቡ ገበሩ ውስጥ ይቀራል። ነጂው መብራት ላይ ሲቆም ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ሰውነቱ ሙቀት ማመንጨት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ እርጥቡ ገበር ቆዳው ላይ ይቀዘቅዛል። ብርዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው እንጂ ከገበሩ መሳሳት አይደለም።

እኔ የምመክረው፦

ከግንባር እስከ ማጅራት የሚሄዱ ሦስት ቦዮች፣ እያንዳንዳቸው 15 ሚ.ሜ ስፋት 8 ሚ.ሜ ጥልቀት። ጥልቀቱ ከፎም_ሠሪ ስሌት ውጭ መሆን አለበት፤ ማለትም በቦዩ ሥር ያለው ፎም ራሱ በቂ ይሁን። የፊቱ መዝጊያ ሲዘጋ 3 ሚ.ሜ የምታህል ስንጥቅ ይተው። የኋላ መውጫዎች ጠቅላላ ስፋት ከፊቶቹ አይነስ፣ አፋቸውም ወደ ታች የዞረ ይሁን፣ በረዶና ዝናብ እንዳይገባ። ገበሩ ቦዩ ውስጥ ከረገበ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ በቦዩ ላይ ጠንከር ያለ መረብ ወጥሩና ገበሩን በእሱ ላይ አስቀምጡ።

---

በረዶ_ጎማ

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ ከሚለፋ የበረዶ ሸርተቴ ሄልሜት ቢደረግስ? ጆሮ ይሸፍናል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ ይሞቃል።

---

መለኪያ

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሸርተቴው ኢኤን 1077 ፎሙን ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አቀዝቅዞ ይፈትናል፤ ሹል ነገር ቅርፊቱን መውጋቱንም ያያል፣ ይህ በብስክሌቱ መለኪያ የለም። የብስክሌቱ ኢኤን 1078 በበኩሉ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሚመስል ብረት ላይ በሰከንድ 4.57 ሜትር ይጥላል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አቀዝቅዞም 50 ዲግሪ አሙቆም ይፈትናል። የሲፒኤስሲው ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 13 እስከ 17 ነው፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተንም አለበት። ሁለቱም ሰርተፊኬት በአንድ ላይ ያላቸው ሄልሜቶች ገበያ ላይ አሉ፣ እነዚያ ይሆናሉ። የሸርተቴ ብቻ የሆነው ግን የታሰበው ለሌላ ዓይነት ውድቀት ነው።

ሌላው የሙቀቱ ነገር ነው። ሸርተቴ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብስክሌተኛ ዳገት ይወጣል። ከዜሮ በታች 5 ላይ የሸርተቴ ሄልሜት አድርጎ ዳገት የሚገፋ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በላብ ይጠመቃል።

ናሆም፣ ንድፍህ ላይ የዕይታውን ወሰን አትርሳ። በኢኤን 1078 ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንዳንዱ 105 ዲግሪ፣ ወደ ላይ 25፣ ወደ ታች 45 ክፍት መሆን አለበት። የጆሮ መሸፈኛ ወደ ጉንጭ ሲገፋ በመጀመሪያ የሚበላው ያንን 105 ነው። ትከሻ ላይ ዞሮ ኋላውን ለሚያይ ብስክሌተኛ ደግሞ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

---

ስፌት_ቤት

የጆሮ መሸፈኛው ላይ እኔ ልግባ። አብዛኞቹ የሚበላሹት ጨርቁ ላይ ሳይሆን ከማሰሪያው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

የተለመደው አሠራር 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለውን ትራስ ከማሰሪያው ሥር ማስገባት ነው። ማሰሪያው ትራሱን ተጭኖ ይጠብቃል። ከዚያ ትራሱ ትንሽ ሲንሸራተት ወይም ሲታመቅ ማሰሪያው ያን ያህል ይላላል፣ ሄልሜቱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መፍትሔው፦ መሸፈኛው ላይ ከፊትና ከኋላ 20 ሚ.ሜ የሚረዝሙ ሁለት ስንጥቆች ቅደዱ፣ ማሰሪያው በእነሱ ገብቶ ከውስጥ በኩል ቆዳው ላይ ይረፍ። ያን ጊዜ መሸፈኛው ቢነቀልም ባይነቀልም የማሰሪያው ልክ አይለወጥም። የማሰሪያው ስፋት ከ15 ሚ.ሜ አይነስ፣ መለኪያውም ይጠይቃል። ሁለቱን የማሰሪያ ክሮች የምታገናኘው ማያያዣ ከጆሮ ታችኛ ጫፍ ሥር ትረፍ፤ መሸፈኛው ሲታከል ወደ ታች ልትወርድ ስለምትችል 10 ሚ.ሜ ተጨማሪ ማስተካከያ ስጧት።

የጨርቁ አደራረብ ከውጭ ወደ ውስጥ፦ ነፋስ የማያስገባ ግን የሚተነፍስ ስስ ጨርቅ፣ ከዚያ 4 ሚ.ሜ ፍሊስ (ለስላሳ የሚሞቅ ጨርቅ)፣ ከዚያ ቆዳ የሚነካ ለስላሳ ሱፍ ወይም የተጠረገ ፖሊስተር። ጥጥ አይግባ፣ ላብ ይዞ ይቀራል።

ጆሮው ራሱ መጫን የለበትም። የሚጫን ጆሮ ደሙ ስለማይዞርበት ሸፍናችሁትም ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ያማል። መሸፈኛውን ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎድጓዳ አድርጋችሁ ስፉት፣ ጥልቀቱ 15 ሚ.ሜ ይሁን። ይህን የሚያመጣው ዙሪያው ላይ የምትይዟት ንሳት (ጨርቁን አጥፎ የሚሰፋ ቁንጥጫ) ናት፤ በአራት ቦታ እያንዳንዳቸው 6 ሚ.ሜ የሆኑ ንሳቶች ይበቃሉ።

መስማትም አለ። በጆሮው ቀዳዳ ትክክል ላይ 25 ሚ.ሜ ዲያሜትር ያለው ክብ ቁረጡና የውጩንም ጨርቅ ፍሊሱንም አውጡ፣ በቦታው አንድ ድርብ ስስ መረብ ብቻ ስፉ። የመኪና ድምፅ ይገባል፣ ነፋሱም መረቡ ላይ ይሰበራል። ያለ መረብ ባዶ ቀዳዳ ከተተወ በሰዓት ከ20 ኪ.ሜ በላይ ላይ ፉጨቱ ከመኪናው ድምፅ ይበልጣል።

ከሄልሜቱ ጋር ማያያዣው ላይ፦ ቬልክሮ በፍሊስ ጭረትና በበረዶ ይሞላና መያዝ ያቆማል። የብረት ቁልፍ ደግሞ ቆዳ ከነካ ብርዱ ይቆነጥጣል። የፕላስቲክ ቁልፍ ከላይ ሦስት፣ የተቀረው ወደ ፎሙ ጠርዝ የሚገባ ስስ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይሁን።

---

ናሆም_ንድፍ

ስፌት_ቤት፣ እጅህ ይባረክ። የስንጥቁ ነገር ፈጽሞ አልታየኝም ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የመነጽር እንጨት (ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ) በየት በኩል ይለፍ? ሰናይት፣ የፊቱ ቀዳዳ ሲዘጋ የነፋስ መነጽር ጉም ይለብሳል የሚል ስጋት አለኝ።

---

ስፌት_ቤት

ለእንጨቱ ከጆሮው በላይ 10 ሚ.ሜ የሚሆን ስፌት የሌለበት መስመር ተውለት፣ ፍሊሱ እዚያ ላይ አይድረስ። እንጨቱ በዚያ ቦይ ከውጭ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ከመሸፈኛው ሥር ተጭኖ ከቀረ ጆሮውን ከላይ ይቆርጠዋል።

---

ሰናይት_አየር

ስጋትህ ልክ ነው ናሆም። መነጽሩ ጥርት ብሎ የሚቆየው ከሥሩ የገባው አየር ከላይ በኩል ሲሳብ ነው። የሚስበው ደግሞ የሄልሜቱ ግንባር ላይ ያለው ቦይ ነው። የፊቱን ከደፈንከው መነጽሩ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር መሄጃ ያጣና ብርጭቆው ላይ ይጤዛል፣ ከዜሮ በታች 10 ላይ ደግሞ ወደ በረዶ ይለወጣል።

ስለዚህ ሁለት የተለያየ መግቢያ ሥራ። ላይኛው ፊት ለፊት ነፋስ የሚቀበለው ሲሆን እሱ ይዘጋል። ታችኛው በግንባር ትራሱና በፎሙ መካከል ያለች 4 ሚ.ሜ ከፍታ ያላት ክፍተት ናት፤ እሷ ሁልጊዜ ክፍት ሆና ከመሃለኛው ቦይ ጋር ትገናኝ። ነፋስ በቀጥታ አያገኛትም፣ ከመነጽሩ ላይ ብቻ ትስባለች። የግንባር ትራሱ አንድ ወጥ ከሆነ ይህን መንገድ ይዘጋል፤ ሦስት ቦታ ቁረጠው፣ በየመካከሉ 12 ሚ.ሜ ተው።

በመነጽሩና በሄልሜቱ ጠርዝ መካከል የተራቆተ ግንባር እንዳይቀር ደግሞ 15 ሚ.ሜ ወደ ታች የሚወርድ ለስላሳ የጨርቅ ከንፈር ጨምርበት። ያቺ ቀጭን የተራቆተች መስመር ራስ ምታት ታመጣለች።

---

ዘለበት

እስካሁን ስለ ጨርቅና ስለ ፎም ተወራ፤ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ግን በብርድ ቀድመው የሚከዱት ናቸው።

መዝጊያው፦ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ስስ ፕላስቲክ ላይ ሲያልፍ ውኃው እዚያው በረዶ ይሆናል። በሐዲዱና በመዝጊያው መካከል 0.3 ሚ.ሜ ብቻ ከተዋችሁ አንድ ስስ የበረዶ ፊልም አጣብቆ ያስቀረዋል። 1 ሚ.ሜ ተዉ፣ የታችኛው ሐዲድ ጫፍ ክፍት ሆኖ ውኃው ይፍሰስ። ማንቀሳቀሻው በወፍራም ጓንት እንዲያዝ 20 ሚ.ሜ ስፋትና 4 ሚ.ሜ ከፍታ ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ግን ስትወድቅ መንገዱ ላይ ይነክሳል። ስለዚህ ጠርዙ ያዘነበለ፣ በትንሽ ኃይልም ተሰብሮ የሚሄድ ይሁን።

ክዳኑን ከውስጥ በሚገባ ጠጣር ውታፍ ልሥራ የሚል ካለ ተዉት። በጭንቅላትና በፎም መካከል ጠጣር ነገር መኖር የለበትም፤ ምቱን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ውታፍ ግድ ከሆነ ለስላሳ ሲሊኮን። ሲሊኮን ከዜሮ በታች 40 ላይም ይተጣጠፋል፣ ለስላሳ ፒቪሲ ግን እንደ ካርቶን ይደርቃል።

ዘለበቱ፦ አሴታል ፕላስቲክ ያዙ። በብርድ ጥንካሬውን አያጣም፣ ውኃም አይጠጣም። ሁለት ጣት ቆንጥጦ የሚከፈተው ዓይነት በጓንት አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ፊድሎክ ያለ በማግኔት ራሱ ገብቶ ወደ ጎን ተገፍቶ የሚከፈት ዓይነት ለብርድ ተመራጭ ነው። አረንጓዴ ቀለም አታድርጉበት፣ በአውሮፓ አረንጓዴው ለልጆች ተብሎ በራሱ ለሚለቅ ዘለበት የተያዘ ነው።

የማጥበቂያው መዘውር ከ28 ሚ.ሜ ዲያሜትር አይነስ፣ ጠርዙም ጥርስ ይኑረው። ከኋላው ፀጉር የሚያልፍበትና የጃኬት ኮሌታ የማይገፋው ቦታ ይፈልጋል። የብርድ ጃኬት ኮሌታ ረጅም ስለሆነ ነጂው ቀና ሲል ኮሌታው መዘውሩን ወደ ላይ ይገፋና ሄልሜቱ ወደ ግንባር ይወርዳል። 15 ሚ.ሜ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

---

ሲሳይ_ሸራ

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ወቅቱ በተቀየረ ቁጥር ሁለት ሄልሜት ከመያዝ፣ ለማንኛውም ሄልሜት የሚሆን ከላይ የሚጠለቅ ልባስ ብንሠራ አይሻልም? ስስ ናይለን፣ ዙሪያው ላስቲክ፣ አለቀ።

---

ሰናይት_አየር

ለዝናብና ለ5 ዲግሪ ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን የኋላ መውጫዎቹንም አብሮ ይዘጋል፤ ልባሱ ማጅራቱ ላይ ተቆርጦ ክፍት መሆን አለበት። ጆሮና ግንባርም እንደተራቆቱ ይቀራሉ።

---

ፎም_ሠሪ

የጨርቁ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ሄልሜት መንገድ ላይ መንሸራተት አለበት። ጎማ የተቀባ ወይም ሸካራ ጨርቅ አስፋልቱን ይይዝና ጭንቅላቱን በኃይል ያሽከረክረዋል። ለስላሳ ናይለን ይሁን፣ ቅርፊቱ ላይም በቀላሉ የሚንሸራተት እንጂ የተለጠፈ አይሁን። እንደ ሚፕስ ያለ ከ10 እስከ 15 ሚ.ሜ ወደ ጎን የሚንሸራተት ውስጣዊ ሽፋን ያለበት ሄልሜት ከሆነ ደግሞ የሙቀት ገበሩን በተንሸራታቹ ላይ እንጂ በፎሙ ላይ አትለጥፉ፤ ሁለቱን ካሰራችሁ መንሸራተቱ ቀረ።

ስለ መለጠፍ ካነሳን፦ ኢፒኤስ ላይ ማስቲሽ አይነካ። ውስጡ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል፤ ከውጭ ሳይታይ ከሥር ጉድጓድ ይሠራል። በውኃ የሚሠራ አክሪሊክ ማጣበቂያ ተጠቀሙ። የቀለጠ ፕላስቲክ ማጣበቂያ ከሆነ ዝቅተኛ ሙቀት የሚለውን፣ እሱም በትንንሽ ነጥብ።

---

መለኪያ

ወደ ቤተ ሙከራ ከመላክህ በፊት በቤት ውስጥ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። የምት ሙከራውን ብቻ ለባለሙያ ተወው።

የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ነው፤ ከመለኪያዎቹ ብርድ ጋር ይቀራረባል። ናሙናውን ገበሩን በውኃ ረጭተህ፣ ዘለበቱን ቆልፈህ፣ መዝጊያውን ዘግተህ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆየው። ስታወጣው ወዲያው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ወፍራም ጓንት አድርገህ ዘለበቱን ክፈት፣ መዝጊያውን አንሸራት፣ መዘውሩን አዙር፣ የጆሮ መሸፈኛውን ነቅለህ መልስ። ከዘገየህ የክፍሉ እርጥበት ላዩ ላይ ይጤዝና ውጤቱን ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ ማለፉ አይበቃም፤ አቅልጠህ ሳታደርቅ መልሰህ ክተተው፣ ሐዲዱ ውስጥ የቀረው ውኃ የሚይዘው በሁለተኛው ነው።

ሙቀቱን ለማየት 37 ዲግሪ ውኃ የሞላኸው የጭንቅላት ቅርጽ ያለው ዕቃ ላይ ሄልሜቱን አድርገህ በማራገቢያ ፊት አስቀምጠው። በሰዓት 25 ኪ.ሜ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነው። በግንባር፣ በጆሮ፣ በአናትና በማጅራት አራት ሙቀት መለኪያ ለጥፍና ውኃው በ30 ደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደወረደ መዝግብ። ቀዳዳው ተዘግቶና ተከፍቶ ያለው ልዩነት ንድፍህ መሥራት አለመሥራቱን ይነግርሃል። ጆሮው ላይ ያለው ንባብ ከአናቱ በጣም ካነሰ ከሄልሜቱ ጠርዝ ሥር ነፋስ እየገባ ነው።

ለላቡ፦ ገበሩን ከመንዳት በፊትና በኋላ በግራም ሚዛን መዝን። የኋላ መውጫውን በቴፕ ሸፍነህና ሳትሸፍን በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሙቀት አወዳድር።

---

በረዶ_ጎማ

ጋሼ መለኪያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብርድ ሲመጣ ቀኑም ስለሚያጥር የኋላ መብራት ቢገጠምስ?

---

ዘለበት

ይገጠም፣ ግን ሁለት ነገር። የሊቲየም ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሰዓቱን በክፍል ሙቀት አትቁጠሩ፣ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንደቀዘቀዘ ኃይል አይሞላ። ውስጡ ብረታማ ሊቲየም ይከማችና ባትሪው ይጎዳል፤ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ይሙቅ። ስለዚህ መብራቱ ተነቃይ ይሁን፣ በማግኔት ወይም በምት በሚለቅ ቆንጣጭ ከውጭ ይያዝ፣ ፎሙ ውስጥ ግን አይቀበር።

---

ናሆም_ንድፍ

እንግዲህ የተለወጠው ይህ ነው፦ ፎሙ ግንባርና ማጅራት ላይ 28፣ ሌላው 25፤ ውስጡ በየጎኑ 4 ሚ.ሜ ሰፋ፤ የፊት መግቢያ ሁለት ዓይነት፣ የኋላው የማይዘጋ፤ ማሰሪያ በስንጥቅ የሚያልፍበት ጎድጓዳ የጆሮ መሸፈኛ። ክብደቱን 480 ግራም ላይ ለቅቄዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ገበሩ ነው። ተነቅሎ የሚታጠብ ከሆነ ስንት ውፍረት ይበቃል?

---

ስፌት_ቤት

ሁለት ገበር ስፋ። አንዱ 2 ሚ.ሜ፣ ከዜሮ በላይ ለሆነ ቀን። ሌላው 4 ሚ.ሜ፣ ከዜሮ በታች ለሆነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚገቡ ይሁኑ፣ ልዩነቱን መዘውሩ ይወስደዋል። ስፌቱ አናት ላይ አይገናኝ፣ ጫናው እዚያ ስለሆነ ይቆረቁራል፤ ከጆሮ በላይ ወደ ጎን አውርደው፣ ጠፍጣፋ ስፌትም ይሁን። ቦዮቹ ባሉበት ፍሊሱን ቆርጠህ መረብ ተካበት፣ አለዚያ ሰናይት ያለችው የአየር መንገድ ይደፈናል። ሲታጠብ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ጨርቅ ማለስለሻ ሳይጨመር። ማለስለሻው የጨርቁን ክሮች ይሸፍናቸውና ጨርቁ ላብ ማሳለፉን ያቆማል። ሄልሜቱን ከነገበሩ ማሞቂያ ላይ አታድርቁት፤ ገበሩን አውጥታችሁ ለብቻው ስቀሉት።